እግሯ ላይ ቀለበት ያላት ወፍ

— ሄሎ?… አቤት፣ ጋሼ ተክለ ማርያም።… ሥራ ላይ ነኝ፤ ግድ የለም፣ ያውሩኝ።

— አዲስአለም፣ ሱፐርቫይዘሩ ከመጣ ሥርጉት ሽንት ቤት ነች በይው፣ እሺ?

— እ… ጋሼ።… ቅርጫው ደረሰ? እሰይ። ሙሉ መደብ?… ተሻገር ነው ያመጣው? ወንድምዎ መቼም የፋሲካ ሥጋ ሲባል ይፈጥናል።… የቤታችን ፍሪዘር ሞልቶ ነበር፣ አዎ።… ጋሼ፣ ምኑን ነው ያወጡት?

— የወረቀት ከረጢቶቹን።… አዎ፣ ወፍ ናቸው።… ኧረ ማንም አልበላም። በሁዳዴ ማን ወፍ ይበላል?… ተሻገርን ጠረጠሩት?… እሺ፣ የት አደረጓቸው?

— ሄሎ?… ይሰሙኛል?… ኮሪደሩ ላይ ያለው፣ ቆሻሻ ወደ ታች የሚለቀቅበት ቱቦ ውስጥ።… ፍሪዘሩንም በበረኪና አጠቡት።

— አልተቆጣሁም።… አልተቆጣሁም አልኩዎ። ትንሽ ልቀመጥ።

— ልንገርዎ። የማጸዳው ሕንፃ ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው። ዛፉና ሰማዩ ይታይበታል፤ ወፎቹ እውነት መስሏቸው ሲበሩ ይላተሙታል። ብርዱን ሞቃት አገር ከርመው ወደዚህ ሲመለሱ ነው።… አዎ፣ ያን ሁሉ መንገድ መጥተው። ጠዋት ቢሮ ሳይከፈት ጠርጋችሁ ጣሉ ተብለናል። እኔ እጄ እንቢ አለኝ።… ወፍ የሚቆጥሩ በጎ ፈቃደኞች አሉ፤ አንዷ ሴትዮ አስቀምጪልኝ ብላ ለመነችኝ። ማኔጀሩ እዚህ ወፍ ሞቶ አያውቅም ብሏታላ። ነገ ጠዋት የሕንፃው ኃላፊዎች ስብሰባ አላቸው፤ መስታወቱ ላይ ወፍ የሚያየው ነጠብጣብ ይለጠፍ አይለጠፍ ሊወስኑ። ያጠራቀምኳቸውን ሠላሳ ስምንቱንም ጠረጴዛው ላይ ልትደረድርላቸው ነበር።

— ጥፋቱ የኔ ነው። መንገር ነበረብኝ። በጾም በክት ቤት አስገባሽ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።… ይሉኝ ነበራ።

— ኧረ አይውረዱ፣ በዚያ ጉልበትዎ።… የቆሻሻው መኪና? አሁን? በመስኮት አዩት?… ጭኖ ሄደ።… በቃ።

— ምን አሉኝ?… አንዷን አልጣልኳትም ነው የሚሉኝ?… ለምን?… እግሯ ላይ ብረት አላት።… ባለቤት ያላት መሰለዎት? የሰው ንብረት አይጣልም ብለው?… አይ፣ እያለቀስኩ አይደለም። እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ።… የማንም አይደለችም፤ ቀለበቱን ወፍ የሚያጠኑ ሰዎች የሚያስሩላት ከየት ተነስታ የት እንደደረሰች ለማወቅ ነው። ቁጥር አለው አይደል?… አይንኩት። ከረጢቷ ውስጥ ይመልሷት።… ከሥጋው ጋር አይሆንም ካሉ በረንዳው ላይ በበረዶ ያስቀምጡልኝ።

— አንዷ አትበቃም እኮ፣ ጋሼ። ሠላሳ ስምንት ሲሆኑ ራሳቸው ይናገሩ ነበር። አንዷን ግን ሴትዮዋን ሌላ ቦታ ነው ያገኘሻት ይሏታል። ቁጥሩ የት እንደታሰረላት ይናገራል እንጂ የት እንደሞተች አይናገርም። ከዚህ በር ሥር ያነሳት ሰው ቆሞ ካልመሰከረ…

— አዎ። እኔ ነኝ።… ገና ትሞቅ ነበር፣ በእጄ ነው ያነሳኋት።

— ሊያባርሩኝ ይችላሉ። ጣሉ የተባለውን ወደ ቤት ወስጄ።… ፈርቻለሁ፣ ምን እደብቅዎታለሁ። የቤት ኪራዩም አለ፣ ልጆቹም አሉ።… እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?… ባለቤት ከሌላት ማን ይቆምላታል አሉኝ?… እሱስ እውነትዎን ነው። ባለቤት የላትም ብዬ የነገርኩዎ እኔው ነኝ።

— ምንድነው፣ አዲስአለም?… መጣ? እኔን ነው የሚጠይቀው?

— ልዝጋ፣ ጋሼ። ከረጢቷ ላይ ቀኑ ብቻ ነው የተጻፈው፤ ማታ ስመጣ ስሜን እጽፍበታለሁ።… እሺ። ይጸልዩልኝ።

— አዲስአለም፣ ሽንት ቤት ነች አትበይው። እዚህ ነች በይው።