የኸዋጃው መኪና የፍሪሲዮን ላስቲክ

በእኛ ጊዜ «አሮጌው ይሻላል» ማለት ያሳስር ነበር። አትሳቅ አንተ ልጅ፤ ያንን ካርቶን ወዲያ አስቀምጥና ስማኝ። «እትዬ፣ አዲስ ነው እኮ፣ እሽጉ እንኳ አልተፈታም» ትለኛለህ። የባጃጅህ ፍሬን ትናንት ቁልቁለቱ ላይ እምቢ ያለህ በምን ሆነና? በአዲስ ላስቲክ አይደል? ታዲያ ዛሬም አዲስ ይዘህ መጣህ፣ ከዚያው ሰውዬ፣ ከዚያው ሱቅ፣ እና እሽጉን ታሳየኛለህ። እሽጉ ምን ሊሠራልኝ? ስትረግጥ የምትረግጠው እሽጉን ነው?

ቁጣዬ ባንተ ብቻ አይደለም። ይህን «አዲስ ነው» የሚሉትን ቃል ስሰማ የልጆቼ አባት ይታየኛል፣ ለዚያ ነው።

እዚህ መተማ፣ እርሻው የመንግሥት ሳይሆን በፊት፣ ሰሊጥ የሚያሳርስ አንድ ኸዋጃ ነበር። ኸዋጃ የምንለው ነጩን ሁሉ ነው፣ ሱዳኖቹ እንዳስለመዱን። ታዲያ ይኸ ኸዋጃ ቀይ መኪና ነበረችው፤ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያ የሌላት፣ ሆዷ መሬት ሊነካ የደረሰ፣ ለእሽቅድምድም የተሠራች። ሽማግሌዎቹ «ይቺ መኪና ናት የከብት ገንዳ?» ይሉ ነበር። ክረምት ሲገባ የዋልካው ጭቃ እስከ በሯ ይውጣታልና ዳስ ጥሎላት ያከርማታል፣ በጋ ሲሆን አቧራውን እያስነሳ ይበርባታል። ያኔም አሮጌ ነበረች፣ ግን ያን ሁሉ ዘመን መንገድ ላይ ቆማ አላየናትም። ለምን ቢባል የሚይዛት ጌታሁን ነበራ፣ የእኔው ባል፣ የእርሻው መካኒክ።

የዚች መኪና ፍሪሲዮን በሽቦ አልነበረም፣ በዘይት ነበር። ፔዳሉን ስትረግጥ ላይ ያለችው ፖምፓ ዘይቱን ትገፋለች፣ ዘይቱ በቱቦ ወርዶ ታች ያለችውን ይገፋል፣ ያኔ ማርሹ ይገባል። በፖምፓዋ ውስጥ ታዲያ አውራ ጣት የምታህል ላስቲክ አለች። ያቺ ላስቲክ ዘይት ካሳለፈች ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ መኪናው ማርሽ አይቀበልም፣ በቃ አበቃ። እኔ ይህን ከየት አወቅሁት? ከቱቦው አየር ሲያስወጣ የምረግጥለት እኔ ነበርኩ። እሱ ከስር ተጋድሞ «ርገጪ... ያዢ... ልቀቂ» ይላል፣ እኔ ልጄን አዝዬ እረግጣለሁ። እረግጣለሁ፣ እለቃለሁ፣ እረግጣለሁ። የቤታችን ሥራ ነበር፣ እንደ ጎመን መቀንጠስ።

እና ደርግ መጣ፣ እርሻው ተወረሰ፣ ኸዋጃው በጋላባት በኩል ሱዳን ሄደ፣ ቀይዋ መኪና ቀረች። ኃላፊ ሆኖ የተሾመው ጓድ አስፋው የሚሉት ነበር። ኸዋጃውን በዝባዥ ብሎ ሰድቦ ሳይጨርስ መኪናው ላይ ወጣ። ጥቁር መነጽር አደረገ። በዚያ ሙቀት ሱፍ ኮት ለበሰ። የሰሊጥ አጫጆቹ ፀሐይ ላይ ጎብጠው እሱ በላያቸው አቧራ እየነፋ ያልፋል፣ እና ይኸ ሰው ማታ ስለ እኩልነት ይነግረናል።

አንድ ሰሞን ታዲያ ፔዳሉ ለሰለሰ። ጌታሁን ፖምፓዋን ፈታት፣ አጠባት፣ ላስቲኳን በጣቱ ለምጦ አያት፣ «ቆሻሻ ነው ያስቸገራት፣ እሷ ገና ናት» አለ። ነገር ግን የጓድ አስፋው የሚስት ወንድም ዕቃ ገዢ ነበር፣ ከጋላባት ሱግ፣ ከገበያው ማለት ነው፣ አዲስ ላስቲክ ገዝቶ መጣ። ወይ ማማሯ! በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለች፣ ቅባቷ ያልተነካካ። ጌታሁን በጥፍሩ ፈገፈጋት። ጥፍሩ ጠቆረ። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር፣ በዓይኔ ነው ያየሁት፣ እንደ ምጣድ ጥላሸት ነው ያጠቆረችው። አሮጌዋን ቢፈገፍጋት ምንም።

«ጓድ፣ ይህች ዘይት አትችልም፣ ትቦካለች» አለው። «አሮጌው ይሻላል።»

ያቺ ናት ቃሏ። እሱ ስለ ላስቲክ ነው የተናገረው። ጓድ አስፋው ታዲያ መነጽሩን አወለቀና አየው። የሚስቱ ወንድም ከኋላ ሆኖ «አሮጌ ነገር ይወዳል» አለ፣ እየሳቀ። እና አዲሷ እንድትገባ ታዘዘ፣ ገባች። እኔው ነኝ የረገጥኩት። አሮጌዋን ጌታሁን ከኸዋጃው በተረፈው ዘይት ውስጥ፣ በመድኃኒት ጠርሙስ አድርጎ ቤት አመጣት። ላስቲክ ከደረቀ ይሰነጠቃል፣ በራሱ ዘይት ውስጥ ከሆነ ግን ይኖራል፤ የመካኒክ ልማድ ነው፣ የሠራልህን ነገር አትጥለውም።

ብዙም ሳይቆይ ከበላይ አንድ እንግዳ መጣ። ጓድ አስፋው እንግዳውን በቀይዋ መኪና አሳፍሮ እርሻ ሊያሳይ ወጣ። ጓንግ ወንዝ ውስጥ፣ አሸዋው መሀል፣ ፔዳሉ ወለል ነካ። ቢረግጥ የለም፣ ቢረግጥ የለም። ዘይቱ ተንጠፍጥፎ ጫማው ላይ ፈሷል። ታዲያ ለአጨዳ የመጡ የጎጃም ሰዎች ከዳር ተቀምጠው ነበርና ተጠርተው ገፉ። አንዱ እየገፋ «ጌቶች፣ የእኛ አገር በቅሎ እንኳ ወንዝ ስትሻገር ተሸከሙኝ አትልም» ብሎ አስቃቸው። እንግዳውም ሳቀ። ያ ሳቅ ነው ባሌን የበላው፣ ላስቲኳ አይደለችም።

በማግስቱ ስብሰባ። ሰሊጥ መጋዘኑ ውስጥ ሰብስበውን ጓድ አስፋው ወንበር ላይ ቆሞ፣ ድምፁን እንዲህ አወፍሮ፣ «ጓዶች! ይህ ሰው አዲሱን ንቆ አሮጌው ይሻላል ብሏል። ይህን ያለው ስለ ጎማ ይመስላችኋል?»

እኔ ከሴቶቹ መሀል ተነሥቼ «ስለ ጎማ ነው» አልኩት።

«ተቀመጪ!»

«እቀመጣለሁ። ግን ስለ ጎማ ነው። ላስቲኳን ያምጧትና በጥፍርዎ ይፈግፍጓት።»

ላስቲኳ አልመጣችም፣ ማን ያመጣታል? «አሻጥር ነው የሚሉ እጅ ያውጡ» ተባለ። እጅ ወጣ። ቤቴ በልተው የማያውቁ ቢሆኑ አላዝንም ነበር። መኪናቸውን በነጻ የሠራላቸው፣ ልጃቸውን ክርስትና ያነሣላቸው፣ እጃቸውን አወጡ፣ እያዩኝ። ፈርተው ነው ትለኛለህ። እኔም ፈርቻለሁ፣ ግን እጄን አላወጣሁም። አንድ የወሎ ሰው፣ የቀን ሠራተኛ፣ ስሙን እንኳ የማላውቀው፣ እጁን ብብቱ ሥር ቀብሮ መሬት መሬት ሲያይ አየሁት። እሱን እግዜር ይስጠው፣ ሌሎቹን እኔ አልምርም።

እና ጌታሁንን ጎንደር ወሰዱት። ክረምት አልፎ ክረምት መጣ። ሲመለስ ውስጥ እግሩን ገርፈውት ቆዳው እንደ ተቀቀለ ድንች ነበር። ከዚያ ወዲያ ፔዳል መርገጥ አልቻለም። አስበው፣ መካኒክ ሆኖ። ያ ዕቃ ገዢ ደግሞ ምን ሆነ? ተሾመ! ለቀይዋም አዲስ እያለ ሲያመጣ፣ አዲሱ ሲቦካ፣ ሌላ አዲስ ሲያመጣ፣ በመጨረሻ ኒም ዛፍ ሥር ተጣለችና ዶሮ ዕንቁላል ጣለባት።

ዓመታት አለፉ፣ ደርግ ሊወድቅ ሆነ፣ ጎንደርም በአማፂዎቹ ተያዘ ተባለ። ወታደሩ የእርሻውን መኪኖች ሁሉ እየነዳ ወደ ሱዳን ሄደ። ጓድ አስፋው ብቻውን ቀረ፣ ከቀይዋ ጋር። ታዲያ አንድ ጠዋት በራችን ላይ ቆሞ አየሁት፣ መነጽርም የለ፣ ኮትም የለ። «ጌታሁን አለ?» አለኝ። ጀርባው ላይ አፈር ነበር፣ ከመኪናዋ ሥር ተኝቶ ታግሎ፣ ሞተሯን አስነሥቶ ማርሽ እምቢ ብላው ነው የመጣው።

በሩን ልዘጋበት ነበር። ጌታሁን ከውስጥ «ፖምፓዋ ናት?» አለ። ሰላም ሳይለው! «ጠርሙሷን አምጪ» አለኝ። ጠርሙሷን አመጣሁ፣ ግን አልሰጠሁም። ያቺን ላስቲክ በዘይቷ ውስጥ እያሳየሁት «ጓድ፣ ይህች አሮጌ ናት። አሮጌ ናፈቀዎ?» አልኩት።

«እባክሽ እመቤት፣ ይደርሱብኛል።»

«አሮጌው ይሻላል ይበሉ።»

አጉተመተመ። «አልሰማሁም» አልኩ፣ «በመጋዘኑ ድምፅዎ።»

«አሮጌው ይሻላል!» አለ። ጎረቤት ሁሉ ወጣ።

ከዚያ ኒሙ ሥር ሄድን። ዶሮዋን አባረርናት። ጌታሁን ፖምፓዋን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ወለወላት፣ አሮጌዋን ላስቲክ አገባት፣ ከስር ተጋደመ። እኔ ልረግጥ ስል «አንቺ ቆዪ» አለኝ። «እሳቸው ይርገጡ።» እና ያ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ባሌ ከስር ሆኖ «ርገጥ... ያዝ... ልቀቅ» ይለዋል። አንተ ብሎ። ርገጥ፣ ልቀቅ። እኔ ቆሜ አየሁ። ፔዳሉ ጠነከረ፣ ማርሹ ገባ፣ ሄደ። እግዜር ይስጥልኝ አላለም፣ ዞሮም አላየን፣ አቧራውን አልብሶን በጋላባት በኩል ሄደ። ያቺ መኪና ሱዳን ገባች፣ ገዳሪፍ ያዩዋት ነጋዴዎች ነገሩኝ፣ በዚያችው ላስቲክ።

ያን ቀን ጌታሁንን ስጮህበት ዋልኩ። ለገራፊህ ትሠራለህ? እግርህን ያየሃት አልመሰለኝም። እሱ ታዲያ እጁን በጋዝ እየታጠበ «ልክ መሆኔን ማየት ነበረብኝ» አለ። ይህንን ብቻ። ነፍሱን ይማረው፣ ከሞተም ቆየ፣ እኔን ግን እስካሁን ያንገበግበኛል። ልክ ነበር። ልክ መሆኑ እግሩን መለሰለት? ቃሉን አስባልኩት እንጂ እጃቸውን ያወጡትን ማን ያስብልልኝ? ግማሾቹ ዛሬም ሰላም ይሉኛል፣ «እንዴት አደሩ እትዬ» ብለው።

አንተ ደግሞ «እሽጉ አልተፈታም» ትለኛለህ። ፈግፍጋት እስቲ በጥፍርህ። ፈግፍጋት። ጣትህን አሳየኝ። አየህ?

«ጠቆረ፣ እትዬ።»

ጠቆረ። አሮጌዋስ የት አለች?

«ጣልኳት። ከጋራዡ ጀርባ።»

ሃ! ሄደህ ሳይመሽ ፈልጋት፣ አጥበህ አምጣት። እኔ እረግጥልሃለሁ።