የገደሮ ጎራና የኔ ቅጣት

ክቡራትና ክቡራን፣ የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ አቶ ጌታሰው፣ ከየቀበሌው የመጣችሁ የልማት ሠራተኞች፣ የችግኝ ጣቢያችን እናቶች፣ እንዲሁም ለስብሰባ ሲጠሩ ጠፍተው ለምሳ ሲጠሩ አንድም የማይቀሩት ሾፌሮቻችን፤ አክብራችሁኛልና እግዜር ያክብራችሁ።

ጋቢውን ወድጄዋለሁ። የግድግዳ ሰዓቱ ግን ምን ማለት ነው? ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ሰዓት ምን ያደርግልኛል? ሥራ ላይ እያለሁ ብትሰጡኝ ኖሮ አንዳንድ ቀን እንኳ በሰዓቱ እገባ ነበር።

አጭር ተናገሪ ተብያለሁ። አጭር ለመናገር አስቤም ነበር። አሁን ግን አቶ ጌታሰው ሲያስተዋውቁኝ «ደረቁን የገደሮን ጎራ ደን ያለበሰች እትዬ አልጋነሽ» አሉና አጨበጨባችሁ። በዚህ ነገር ላይ አንድ ሁለት ቃል ሳልናገር ብቀመጥ ምሳው አይወርድልኝም። እናንተም ታገሱኝ፤ ከሠላሳ አንድ ዓመት ሥራ በኋላ ግማሽ ሰዓት ብትሰሙኝ አይበዛብኝም።

ገደሮን ዛሬ በምታዩት አትፍረዱ። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት ስመደብበት የተላጨ ራስ ነበር። በክረምት ጎርፉ ድንጋይ እያንከባለለ ወርዶ ማሳ ላይ ያራግፋል። በበጋ ደግሞ ሴቶቹ ውሃ ለመቅዳት እስከ ታች ወንዝ ይወርዳሉ። እኔም ከመንዝ የመጣሁ፣ ጫማዬን በየማታው የምጠርግ ባለሙያ፣ ደብተሬን ይዤ ቆምኩና «ጎራው ይዘጋ፤ ከብት አይግባበት፤ እርከን ይሠራ፤ ችግኝ ይተከል» አልኩ።

«ከብቱንስ የት እናስገባው? ቢሮሽ?» አለኝ አንዱ። ሰዉ ሳቀ።

መልሱን የሰጡት አያ ይማም ናቸው። አያ ይማም የገደሮ ቅሬ ዳኛ ነበሩ። ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው፤ እዚህ ወሎ ግን ከመቅበርም አልፎ ይዳኛል፣ ያስታርቃል፣ ይቀጣል። ቀበሌ ያዘዘውን የሚያልፍ ሰው ሞልቷል። ቅሬ ያለውን የሚያልፍ ግን አላየሁም፤ ማን ሳይቀበር መቅረት ይፈልጋል?

«አንድ ዓመት» አሉ አያ ይማም። «አንድ ዓመት እንዝጋውና እንየው። ካልሆነ መልሰን እንከፍተዋለን፤ ጥፋቱም በኔ ይሁን።» ከዚያ እሳቸው ራሳቸው ቀድመው ሁለቱን ላሞቻቸውን ወደ ዘመድ ሰደዱ። ወተት የለመደ ቤት ያለ ወተት ከረመ። ሌላውም እያጉረመረመ ተከተላቸው። በጥር ጎራው ተዘጋ፤ እርከኑም ተሠራ።

ሐምሌ ላይ ችግኙ መጣ። ሾፌሮች፣ ይህን ለናንተ ነው የማብራራው፤ ሌሎቹማ ያውቁታል። ችግኝ ከጣቢያ የሚመጣው አፈር በተሞላ ጥቁር ላስቲክ ውስጥ በቅሎ ነው። ስትተክለው ላስቲኩን ቀደህ ታወልቅና አፈሩ ሳይበተን ጉድጓድ ውስጥ ታስገባዋለህ። በቃ። እኔ ያን ቀን ድንጋይ ላይ ወጥቼ ምን አልኩ? «አፈሩ ከሥሩ ከተበተነ ችግኙ ሞተ በሉ! እንቁላል እንደያዛችሁ ያዙት!» አልኩ። ሦስቴ ደጋገምኩት። ላስቲኩ እንደሚወልቅ ግን አልተናገርኩም። ለኔ ይህ እንጀራ ሲበላ ሰፌዱ አይበላም ብሎ እንደመናገር ነበር።

የገደሮ ሰው ደግሞ ጨዋ ነው፤ የተባለውን ይሰማል። ላስቲኩን ቢያወልቁት አፈሩ ሊበተን ነው፤ አፈሩ ከተበተነ ችግኙ ሊሞት ነው። ስለዚህ ከነላስቲኩ ተከሉት! ላስቲኩ ተቀዶ የደረሳቸውማ፣ ጉድ እኮ ነው፣ በክር ሰፍተው ተከሉት። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አይቼ አላውቅም። እኔ የት ነበርኩ? ለጉብኝት የመጡትን እንግዶች ፎቶ አስነሳ ነበር።

ክረምቱን ሁሉም ለምልሞ ከረመ። ታኅሣሥ ላይ መድረቅ ጀመረ። አንዱን ነቀልኩት፤ ሥሩ ላስቲኩ ውስጥ ተጠምጥሟል። ሌላ ነቀልኩ፤ እሱም እንደዚያው። ሃያ ያህል ከነቀልኩ በኋላ እርከኑ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ለችግኙ ብቻ አይደለም። ዓመቱ ሊሞላ አንድ ወር ነበር የቀረው። ጎራው ይከፈት ወይስ ይዘጋ የሚለው ሊወሰን ነው። አንዴ ከተከፈተ ደግሞ ማንም መልሶ እንደማይዘጋው አውቃለሁ።

ለያኔው አለቃዬ ነገርኩት። «የዝናብ እጥረት ብለሽ ጻፊ» አለኝ።

«ዝናቡ እኮ ጥሩ ነበር!»

«ታዲያ ምን ቸገረሽ? ዝናብ ፍርድ ቤት አይሄድ!»

ጥር ላይ ቅሬው ከመስጊዱ በታች ሜዳው ላይ ተሰበሰበ። ሰዉ ተቆጥቷል። «ገደሮ ዛፍ አልፈልግም አለ! ይከፈትና ከብታችን ይብላበት!» ይላሉ። አያ ይማም መሬት መሬት ያያሉ። ጥፋቱ በኔ ይሁን ብለው ስማቸውን አስይዘዋል፤ እኔ ኪሴ ውስጥ ደግሞ አለቃዬ ያስጻፈኝ «የዝናብ እጥረት» የሚል ወረቀት አለ። ዝም ብል የሚያውቅብኝ አልነበረም። አያ ይማምን ግን ማየት አቃተኝ። ተነሣሁ።

«ችግኙን የገደልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ላስቲኩ መውለቅ ነበረበት። እኔ ሳልነግራችሁ ቀረሁ።»

መጀመሪያ የተናገረችው ዘሀራ ናት፤ ችግኝ ጣቢያችንን አሁን የምትመራው፣ ያቻትላችሁ፣ አፍራ ፊቷን በሻሽ የምትሸፍነው! ብድግ ብላ «ወላሂ እኔ ብያለሁ!» ብላ ጮኸች። «ላስቲኩ ይውለቅ ብል ‹አንቺ ከባለሙያዋ ልትበልጪ ነው?› ብላችሁ አፌን ያስያዛችሁኝ እናንተ አይደላችሁም?»

ከዚያ ጫጫታ ሆነ። አንዱ ትባረር ይላል፤ አንዱ ትከሰስ ይላል። አያ ይማም እጃቸውን አነሡ።

«እንግዲህ ጎራው ጥፋት የለበትም ማለት ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ዛፍ አልፈልግም አላለም። አንቀን የሰጠነውን ነው የገደለው። እስቲ ንገሩኝ፣ ባላጠፋ ላይ ይፈረዳል?»

«አይፈረድም» አለ ሰዉ፤ አንዳንዱ በግዱ።

«እንግዲያው ገደሮ እንደተዘጋ ይቆያል። ባጠፋው እንፍረድ።» ወደኔ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ችግሩ ምን መሰለሽ? ቅሬ የሚቀጣው አባሉን ነው። አንቺ አባል አይደለሽም። አንቺን ለመቅጣት ሕግ የለንም።»

ይሄኔ ዘሀራ «ይሄ ምን ያስቸግራል?» አለች። «አባል እናድርጋትና እንቅጣታ!»

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ነገሩ ግን ቀልድ ሆኖ አልቀረም። በዚያው ቁጭ ባልኩበት ስሜ ተጻፈ፤ ዱዓ ተደረገ፤ ወዲያው ተፈረደብኝ። ቅጣቱም በሚቀጥለው ለቅሶ፣ ለለቀስተኛው የሚሆነውን ውሃ ሦስት ቀን ከሴቶቹ ጋር እንድቀዳ ነበር።

ቀዳሁ። በሪፖርታችን «እስከ ውሃ ያለው ርቀት በአማካይ አርባ ደቂቃ» ብለን ጽፈን ነበር። አርባ ደቂቃው ሲወረድ ነው፤ ሲወጣ ስንት እንደሆነ የለካ የለም! ሁለተኛው ቀን ላይ ጀሪካኑ ከጀርባዬ አምልጦ ቁልቁል ሲንከባለል ዘሀራ መንገድ ላይ ተቀምጣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አብሽሪ!» አለችኝ፤ «እኛም በተዳርን ሰሞን እንዲህ ነበርን።» ስለ ውሃ ያነበብኩትን ሁሉ ብደምረው የዚያን ሦስት ቀን ያህል አላስተማረኝም።

በቀጣዩ ሐምሌ ቅሬው አዲስ ደንብ አወጣ። ችግኝ የወሰደ ሰው በወሰደው ልክ ባዶውን ላስቲክ ይመልሳል። ዛሬ በየቀበሌው የምትሠሩበት፣ ከየት እንደመጣ የማታውቁት «ላስቲክ ይቆጠር» የሚባለው ነገር ከዚያ የመጣ ነው።

ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ። ዛሬ ገደሮ ላይ ካለው ዛፍ አብዛኛውን እኛ አልተከልነውም። ክትክታው፣ ደደሆው፣ አጋሙ፣ ወይራው ከብቱ ሲቆምለት መሬት ውስጥ ከቀረው ሥር ራሱ አቆጠቆጠ። በየክረምቱ ይህን ያህል ሺህ ተከልን እያልን የምንፎክረውን ስሰማ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሳቄ ይመጣል። የኛ ሥራ ምን ነበር? ውሃውን በእርከን ማስቆም፣ ከዚያ ሰው እንዲታገስ መለመን። መታገሡን ደግሞ የታገሡት እነሱ ናቸው።

በስድስተኛው ዓመት ዘሀራ በጭቃ እጇ ቢሮዬ ገባች። «ነይ እይ» ብቻ አለችኝ። ከእርከኑ ግርጌ መሬቱ ረጥቦ ነበር። በዓመቱ ምንጭ ሆነ፤ ተገነባ፤ እስከዛሬ በጋውን አይነጥፍም።

አያ ይማም ያረፉ አራት ዓመታቸው ነው። ለለቅሷቸው ውሃ ቀዳሁ። ምንጩ እደጃፍ ነውና ቶሎ ቶሎ ተመላለስኩ። ዘሀራ «ዛሬስ ማን ፈረደብሽ?» ብላ ልታስቀኝ ሞከረች። አልቻልኩም። እንደ አባቴ ነው የወደድኳቸው፤ ይህንንም በሕይወት እያሉ አልነገርኳቸውም።

ታዲያ ይህን ሁሉ ለምን አወራሁ? አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ለገደሮ ሰው እውነቱን ተናገርኩ። ለመሥሪያ ቤቴ ግን ያንን ወረቀት ሰጠሁ። ከኪሴ አውጥቼ፣ በፊርማዬ፣ «ችግኞቹ በዝናብ እጥረት ደርቀዋል» የሚለውን። ገበሬው ያቅፈኛል ብዬ አመንኩ፤ እናንተን ግን ፈራሁ። ሃያ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ተቀምጧል። እውነቱን ጽፌ ተምራችሁበት ቢሆን ኖሮ በሌላ ጎራ ላይ ያንኑ ስሕተት ስንት ሰው ባልደገመው! መድገማቸውን አይቻለሁ፤ አይቼም ዝም ብያለሁ። ይህ የገደሮን ያህል ይጸጽተኛል።

አቶ ጌታሰው፣ የመጨረሻ ጥያቄዬ ይቺ ናት። ነገ ጠዋት ያን መዝገብ ያውጡልኝና ከሥሩ በእጄ ልጻፍበት፤ ዝናቡ ጥሩ ነበር፣ ያጠፋሁት እኔ አልጋነሽ ነኝ ብዬ። ካስፈለገም ቅጡኝ። ጡረተኛ አይቀጣም እንዳትሉኝ ብቻ፤ መፍትሔውን ዘሀራ ታውቃለች።

እንግዲህ ምሳው ይቀርባል። እኔም ወደ መንዝ አልመለስም፤ ገደሮ ሥር ቤት ሠርቻለሁ፤ ብቅ በሉ። ከዚያ በፊት ግን እጃችሁን ዘርጉና አሜን በሉ፤ አሚን የምትሉም አሚን በሉ።

የተከላችሁት ይጽደቅ፤ ያልተከላችሁትም ይብቀልላችሁ።

የወጣችሁበትን ዳገት በሰላም ያውርዳችሁ፤ መኪናችሁን ጭቃ፣ አበላችሁን ፊርማ አይያዘው።

የልጅ ልጆቻችሁ ውሃ ፍለጋ አይውረዱ።

ስታጠፉም፣ መቼም ማጥፋታችሁ አይቀርም፣ ቀጥቶ የሚያቀርባችሁ ሰው አያሳጣችሁ።