ሠላሳ አንድ ካርታ

(እሑድ ከሰዓት፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፤ ሃያ ሦስት ዓመት እሳት ሲያጠፋ የኖረው ጌጡ ካርታውን ወለሉ ላይ ዘርግቶ ሦስተኛ ጊዜ ቆጥሮ ጨርሷል፣ ሚስቱ አስካለ ምንም እንዳልሰማች ልብስ ታጥፋለች።)

ጌጡ፦ ኪንጎቹን አምጪ አልኩሽ።

አስካለ፦ የምን ኪንግ? ቁማርተኛ መሰልኩህ?

ጌጡ፦ አስካለ፣ አታድርቂኝ። ታች ያለው ዘበኛ "ጋሼ፣ ካርታዎን ያውሱኝ፣ ኮንከር ልንጫወት ነው" ብሎ ወሰደ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ይዞት መጣ። "ጋሼ፣ ይሄ ካርታ ጥርሱ ረግፏል" አለኝ። ቆጠርኩት፣ ሠላሳ አንድ።

አስካለ፦ ስንት መሆን ነበረበት?

ጌጡ፦ ሃምሳ ሁለት ነዋ። ከኪንግ፣ ከኩዊን፣ ከጃክ አንድም የለም።

አስካለ፦ ለስፖርት ምን ያደርግልሃል? በትንሹም ላብህ ወጥቷል።

ጌጡ፦ ምን ያደርግልሃል ትላለች ደግሞ። ስንት ቀን ተጨንቄ ያወጣሁት ሥርዓት ነው። ቀይ ልብ ከወጣ ፑሽአፕ፣ ዳይመንድ ከወጣ ቁጭ ብድግ፣ ስፔድ ከሆነ ገመድ ዝላይ። ጥቁሩ አበባ ከመጣ ጀሪካን ሙሉ ውሃ ተሸክሞ ደረጃ መውጣት። ስንቴ እንደምሠራው ቁጥሩ ይነግረኛል፤ ባለሥዕሎቹ አሥራ አምስት አሥራ አምስት ናቸው። በውዤ ስለማወጣው የዛሬው የትናንቱን አይመስልም፣ ሰውነት አይለምደውም።

አስካለ፦ እኔማ ገብቶኛል። ጎረቤቱም ገብቶታል። "የአስካለ ባል ካርታ ያይና ሲሮጥ ይወጣል፣ ሲሮጥ ይወርዳል፤ ጠንቋይ አዞት ነው እንዴ?" እያሉኝ ነው።

ጌጡ፦ ይበሉ። እኔ ግን ከአርባ ደቂቃ ወደ ሃያ ወረድኩ ብዬ ለመሥሪያ ቤቱ ሁሉ አውርቻለሁ። ለካ የጠነከርኩት እኔ አይደለሁም፣ ካርታው ነው ያለቀው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚሉት ይሄን ነው።

አስካለ፦ እሺ። እኔ ነኝ ያወጣኋቸው።

ጌጡ፦ ለምን?

አስካለ፦ በጀመርክ በሦስተኛው ቀን ደረጃው ላይ ተቀምጠህ አገኘሁህ። ከንፈርህ ጠቁሯል። ጀሪካኑ ተደፍቶ ውሃው እስከ ታች ወርዷል። "ለሰው እንዳትናገሪ" አልከኝ፣ አልተናገርኩም። ስትታጠብ አራቱን ኪንግ አነሳሁ። በሳምንቱ ኩዊኖቹን፣ ከዚያ ጃኮቹን።

ጌጡ፦ በቃህ ማለት አቅቶሽ ነው?

አስካለ፦ ስንቴ አልኩህ? ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይላሉ። እኔ ደግሞ መከራ እንዲመክርህ አልፈለግኩም፣ ባሌ ነህ። ምን ላድርግ፣ ላስርህ?

ጌጡ፦ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ፈተና ነው። የውሃ ቱቦ ተሸክሞ ስድስት ፎቅ፣ በአራት ደቂቃ። ያልቻለ ከመኪናው ይወርዳል፣ ስቶር ገብቶ ጓንት ያድላል። ሃያ ሦስት ዓመት ሳይረን ሲጮኽ የተነሳ ሰው ጓንት ሲያድል ይታይሽ።

አስካለ፦ አትወርድም።

ጌጡ፦ በሠላሳ አንድ ካርታ?

አስካለ፦ ያለ ካርታም አትወርድም። ልንገርህ፣ ግን እንዳትቆጣ።

ጌጡ፦ ቁጣዬንስ ጨርሼዋለሁ። ተናገሪ።

አስካለ፦ ከአለቃህ ሚስት ጋር አንድ እድር አይደለን? ሐሙስ ቤታቸው ሄድኩ። እሱም ነበር። አለቀስኩ፣ ምን እዋሽሃለሁ። "ሰዓቱን የምይዘው እኔ ነኝ። ጌጡ መጥቶ ደረጃውን ይጀምርልኝ እንጂ ሌላውን ለኔ ተይው" አለኝ።

ጌጡ፦ ለመንሽው?

አስካለ፦ ለመንኩት። ስቶር ከገባህ ዓመት አትቆይልኝም፣ አውቅሃለሁ። ካርታውን ቀነስኩልህ፣ ፈተናውን ለመንኩልህ። ከዚህ ሌላ አቅም የለኝም።

ጌጡ፦ ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል። እኔ እዚያ ላብ በላብ ስሆን እናንተ ነገሩን ጨርሳችሁታል።

አስካለ፦ ቆይ እስቲ። ስንት ቀረ አልክ?

ጌጡ፦ ሠላሳ አንድ። ስንቴ ልንገርሽ?

አስካለ፦ እንካ፣ የወሰድኩት ይኸው፣ በመሐረብ እንደቋጠርኩት ነው። አራት ኪንግ፣ አራት ኩዊን፣ አራት ጃክ፣ አሥራ ሁለት። ከሃምሳ ሁለት አሥራ ሁለት ሲነሳ ስንት ነው?

ጌጡ፦ አንዳንዱ ደረጃ ላይ ወድቆ ይሆናል።

አስካለ፦ አርባ ነው። ዘጠኝ ይጎድላል። ወዲያ በል፣ ልየው። ልቡ እስከ አሥር አለ። ዳይመንዱም እስከ አሥር አለ። ስፔዱም አለ። ከጥቁሩ አበባ ግን አንዲት አስ ብቻ ናት ያለችው። ጌጡ፣ የደረጃው ካርታዎች የት ሄዱ?

ጌጡ፦ እኔ እንጃ።

አስካለ፦ ዓይኔን እያየህ በለው።

ጌጡ፦ የጫማዬ ካርቶን ውስጥ ናቸው።

አስካለ፦ ማን ከተታቸው?

ጌጡ፦ እኔ። አንዷን የተውኳት ደረጃም ወጥቻለሁ ለማለት ነው።

አስካለ፦ እኔን ግን እስካሁን ሌባ ስታደርገኝ ቆየህ።

ጌጡ፦ የኔን ዘጠኝ አውቅ ነበር። ባለሥዕሎቹ ይህን ያህል ሰሞን ሲጠፉ ዓይኔ አለማየቱ ነው ያናደደኝ። ሲቀልለኝ ጊዜ ደስ ብሎኝ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም።

አስካለ፦ ደረጃው ምን አደረገህ? አራተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው፣ በየቀኑ ትወጣዋለህ።

ጌጡ፦ ባለፈው ወር የተቃጠለውን ፎቅ ታስታውሻለሽ? ሁሉንም ሰው አወጣን ብዬሽ ነበር።

አስካለ፦ እንዴት እረሳዋለሁ? ሸሚዝህን ሦስት ጊዜ ነው ያጠብኩት።

ጌጡ፦ አውጥተዋል። እኔ ግን አላወጣሁም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ እግሬ እንቢ አለኝ። ከላይ አንዲት ሴት "ልጄን፣ ልጄን" ትላለች፣ እኔ ቱቦውን ተሸክሜ ግድግዳ ይዤ ቆሜያለሁ። ከኋላዬ የነበረው አዲሱ ሠራተኛ ገፍቶኝ አለፈ። እሱ ባይኖርስ?

አስካለ፦ ለኔ እንኳ አልነገርከኝም።

ጌጡ፦ ምን ብዬ ልንገርሽ? አፈርኩ። ካርታውን ያመጣሁትም ለዚሁ ነው። ሰው ሲያዘኝ እከራከራለሁ፣ ከካርታ ጋር ግን ማን ይከራከራል ብዬ። አበባው በወጣ ቁጥር የሴትየዋ ድምፅ ይመጣብኛል። ዛሬ አንዱን ብቻ ልዝለል እያልኩ ዘጠኝ ደረሰ።

አስካለ፦ በል ነገ አትሂድ። ተወው፣ ይቅርብን።

ጌጡ፦ እቀራለሁ ስል ከርሜያለሁ። ጠዋት ሲሆን ግን ዩኒፎርሜን እለብሳለሁ፣ ስሜ ሲጠራ አቤት እላለሁ። አለቃዬ ሰዓቱን ያሳጥርልኛል፣ ልጆቹ ያጨበጭቡልኛል። ማክሰኞ ደግሞ ሳይረኑ ይጮኻል።

አስካለ፦ ታዲያ ምን ይሻላል? ንገረኝ እንጂ፣ ጨነቀኝ።

ጌጡ፦ ለአለቃዬ ደውዪለት። ሐሙስ እንዳለቀስሽው አልቅሺና በፈተናው እንዲጥለኝ ለምኚልኝ።