እስከ ሐሙስ ያመኛል

ሄሎ? … ማን ልበል? … ኤርሚን! አንቺ ነሽ እንዴ? ቆይ፣ ልቀመጥ። — ፊርማን፣ ያን ቴሌቪዥን ቀንሰው፣ እህቴ ናት ከወንዙ ማዶ! — እሺ፣ ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ?

ፈቀዱ! … አዎ፣ ኢንሹራንሶቹ! የዳሌዬን ቀዶ ጥገና። ሐሙስ ጠዋት እገባለሁ። … ምን ቀልድ አለ! ሁለቴ ከልክለውኝ በሦስተኛው እጅ ሰጡ።

ምን? … አዎ፣ አውቃለሁ፣ እናንተ ካናዳ ማንም አይከለክላችሁም። መንግሥት ይከፍላል፣ ተራ መጠበቅ ብቻ ነው። ብቻ! አሥራ አንድ ወር ሙሉ በከዘራ ስታነክሺ ማን ነበር የሚስቅብሽ? … እኔ ነበርኩ፣ መች ካድኩ። … ተይ እንጂ! አሁን ድነሽ ድልድዩን በእግርሽ ስለተሻገርሽ ነው ይሄ ሁሉ ጉራ?

ለምን እንደከለከሉኝማ ታወቀ። ፊርማን ደብዳቤውን አነበበልኝ። «ታካሚዋ ሕመም የለኝም ብላለች» ይላል። … እኔ! … ስሚኝማ። የኢንሹራንሷ ነርስ በደወለች ቁጥር «እንዴት ነዎት?» ትለኛለች። እኔስ? «እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነኝ፣ ድንች እየለቀምኩ ነው።» … ታዲያ ምን ልበላት? እናታችን ስምንት ልጅ ስትወልድ አንድ ቀን «አመመኝ» ስትል ሰምተሻል? … አየሽ! ያቺ ደግሞ ቁጭ ብላ ትጽፋለች።

… ትናንት። ኢንሹራንሶቹ ሦስት ዶክተር ስልክ ላይ ደረደሩብኝ። … አለቀስሽ ወይ አልሽኝ? ምን ሲደረግ! «እኔ ኦዚት ሚሾ፣» አልኳቸው፣ «ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ስዋሻችሁ ከርሜያለሁ። ጫማዬን የሚያስርልኝ ባሌ ነው። ስገላበጥ እንዳልጮህ ትራሴን እነክሳለሁ። ቤተ ክርስቲያን ተንበርክኬ መነሳት ካቃተኝ ዓመት አለፈኝ።» ይሄኔ ነው እጅ የሰጡት! … ትራሱን ፊርማንም አያውቅም ነበር። እዚሁ ቆሞ ሰማው። — ምን ታፈጥብኛለህ? ድስቱን አማስል! —

… እሱስ እውነትሽን ነው። ተራሽ ቢረዝምም፣ «መታመምሽን አስመስክሪ» ያለሽ የለም። እዚህ ኢንሹራንስ እያለሽም ደጅ ትጠኛለሽ። እሱን ረታሽኝ። ግን አንቺ ጠብቀሽ አገኘሽ፣ እኔ ከጉሮሯቸው ነው ፈልቅቄ ያወጣሁት!

… ለፋሲካ? የለም፣ እኔ ነኝ የምመጣው። በእግሬ፣ በድልድዩ! አንቺ ቂጣሽን ጋግረሽ ጠብቂ። …

እኔ? እኔማ እግዜር ይመስገን ደህ… ምላሴን ይቁረጠው! ያመኛል! ማንም ቢጠይቅሽ፣ እህቴን ክፉኛ ያማታል በይ። እስከ ሐሙስ ያመኛል። … በይ ዝጊው፣ ሌላ ስልክ እየገባ ነው፣ ኢንሹራንሶቹ ይሆናሉ!