ቀለሙ ሲጠፋ የተገኙት አጎት

ጎንደር ላይ ፎቶ ቤት ሳለኝ፣ በልጅነቷ እስራኤል የሄደች ሴት እዚሁ የቀሩ አጎቷን ስትፈልግ መጣችላችሁ። የያዘችው የሟች አባቷን ጥቁርና ነጭ ፎቶ ብቻ ነው። ከጎንደር ወጣ ብላ ባለችው ትክል ድንጋይ ከተማ ገበያ ያነሳኋቸውን ሽማግሌዎች በኮምፒውተር ባሳያት አንዳቸውንም አላወቀችም። ተስፋ ቆርጣ ስትነሳ እኔም ወደ ሥራዬ ተመልሼ ከሽማግሌዎቹ የአንዱን ሸማኔ ፎቶ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀየርኩት። ደማቁ አረንጓዴ ሹራባቸው ሲደበዝዝ ፊታቸው ጎልቶ ወጣ።

“አባቴ!” ብላ ጮኸች።

“ኧረ እኚህ አያ ታከለ ናቸው፤ ያነሳኋቸው ባለፈው ሳምንት ነው” አልኳት።

በማግስቱ ወደ እሳቸው ይዣት ሄድኩ። የአባቷን ስም ስትነግራቸው ሽማግሌው ሽመናቸውን ትተው ትክ ብለው አዩዋት።

“የወንድሜ ልጅ፣ ምነው እንዲህ ዘገየሽ?” አሏት።