ቀይ ክር ያሰርኩባቸው በቆሎዎች

እንዳትስቁብኝ እንጂ ልንገራችሁ። በደርግ ጊዜ ሆመቾ አካባቢ የግብርና ሠራተኛ ነበርኩ። ዝናቡ ጠፍቶ በቆሎው ሲጠወልግ፣ እማማ አቦነሽ ከሚባሉ ገበሬ ማሳ አምስት አገዳ መርጬ ቀይ ክር አሰርኩባቸው። ሥራዬ ከእነሱ ቅጠል ቆርጦ መመዘን፣ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ እንደገና መመዘን ነበር። ቅጠሉ ብዙ ከጠጣ በቆሎው ክፉኛ ተጠምቷል ማለት ነው።

በሦስተኛው ቀን ቅጠሎቹ አንጠጣም አሉኝ። ግራ ገብቶኝ ወደ ማሳው ብመለስ፣ መሬቱ ሁሉ ተሰነጣጥቆ የአምስቱ ሥር ብቻ ርሷል።

«እማማ፣ ማነው ያጠጣቸው?»

«እኔ ነኛ! ክር ስታስርባቸው የታመሙት እነሱ ናቸው ብዬ ከወንዝ በእንስራ እየቀዳሁ...» አሉና ፊቴን አይተው ደነገጡ። «አጠፋሁ እንዴ፣ ጓድ ልጄ?»

ወንዙ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። ልፋቴ ሁሉ ገደል ገብቷል፤ ግን ቁጣው ከየት ይምጣልኝ? «አላጠፉም፤ ድነዋል» አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። «እንግዲያው ክሩን ፈትተህ ለሌሎቹ እሰርላቸው፤ ተራ ይድረሳቸው።»

ፈትቼ ለሌሎቹ አሰርኩ። በማግስቱ እንስራውን የተሸከምኩት ግን እኔ ነበርኩ።