ከጎኑ የሚቀመጥ ሰው

የባለቤቴ መኪና ከአደጋው በኋላ ተጎትታ የቆመችው አንድ ጋራዥ ግቢ ጥግ ላይ ነው። አራት ወር ሙሉ ላለማየት ሰበብ ስፈልግ ቆየሁና መነጽሩን ከመሳቢያዋ ላወጣ ማክሰኞ ጠዋት ሄድኩ። እዚያ ሳላስበው ከጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር ጎረቤቴና ከአስተማሪ ልጃቸው ጋር ተገናኘሁ። የጋራዡ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ የመኪናቸውን የተላጠ ጎን እየዳሰሰ ነበር።

“ደግሞ ምን መቱ ጋሼ?” አላቸው።

“እኔ ምን መታሁ? ግንቡ ነው የተጠጋኝ።”

“በዚህ ወር ሁለት ግንብ ተጠጋህ፣ አባዬ” አለች ልጃቸው። “ነገ እማዬ ጉልበቷን ልትታከም ሆስፒታል ትተኛለች። ብቻህን ልትመላለስ ነው። ሰባ ዓመት ያለፈው ሹፌር በየዓመቱ ይፈተን የሚለው ረቂቅ ሕግ ቢወጣ ምን ይጎዳሃል?”

“አርባ ዓመት ሕዝብ ጭኜ ዶሮ እንኳ አልገጨሁም። መሪ ያስያዝኩት ልጅ ዛሬ ወረቀት ይዞ ይፈትነኝ? እንደ እብድ የሚከንፈውን ጎረምሳስ ማን ይፈትነዋል?”

“እሱማ አምና ተፈትኗል። አንተ የተፈተንከው እኔ ሳልወለድ ነው። ዓይንህ ያኔ የነበረው ዓይን ነው?”

“ዓይኔ ምን ሆነ?” ወደ እኔ ዞሩ። “እህቴ፣ የተማርሽ ነሽ፤ እስኪ አንቺ ፍረጂን።”

ፈራጅ መሆን አልፈለግኩም። ሰውዬው የፈሩት ፈተናውን እንዳልሆነ ይገባኝ ነበር፤ ከመሪው ሲነሱ ምን እንደሚባሉ ነው የጨነቃቸው።

“ጋሼ፣ ሲነዱ ከጎንዎ ማን ይቀመጣል?”

“ማን ይቀመጣል? ባለቤቴ ናታ።”

“ምን ትልዎታለች?”

ሳቁ። “እሷ መቼ አፏ ያርፋል። ‘ቀይ ነው’ ትላለች፣ ‘አሁን ሂድ’ ትላለች፣ ‘ሰው እየተሻገረ ነው’...”

ሳቃቸው እዚያ ላይ ቆመ።

“እኔም ለባለቤቴ ሦስት ዓመት እንደዚያው ስል ኖሬያለሁ” አልኳቸው። “‘ዓይንህ ደክሟል፣ ቁልፉን ስጠኝ’ ማለት ከበደኝ። ክብሩን የጠበቅኩለት መስሎኝ ነበር። ጉንፋን ይዞኝ የቀረሁ ዕለት፣ መንገድ የምታቋርጥ አንዲት ወጣት አላያትም፤ ገጭቷት ከምሰሶ ጋር ተላተመ። እሷም እሱም አልተረፉም። ፈተናው ግዴታ ቢሆን ኖሮ እኔ የፈራሁትን ቃል ወረቀቱ ይነግረው ነበር። አንድ ወር ያኮርፍ ነበር። አኩርፎም ቢሆን ይኖር ነበር።”

ቀጥሎ ያልኩት ጥቂት ነው፦ ፈተናውን ያለፈ ሰው ራሱን ቀና አድርጎ ይነዳል፤ የወደቀም የሚወድቀው በሚስቱና በልጁ ፊት ሳይሆን እንደ እኩዮቹ ሁሉ በሕግ ፊት ነው፤ የማናውቀው እግረኛም ቤቱ ይገባል።

ጎረቤቴ በግቢው ጥግ የቆመችውን የባለቤቴን መኪና ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ቁልፉን ለልጃቸው ሰጡ። “ነገ እናትሽን አንቺ አድርሻት። እኔ ሕጉ እስኪወጣ አልጠብቅም፤ ሄጄ ፈትኑኝ እላለሁ።” ወደ ቀጥቃጩ ዞሩ። “ጭረቱን ተወው። ፈታኙም ይየው።”

ልጃቸው እጄን ይዛ አመሰገነችኝ። የሚገባኝ ምስጋና አልነበረም። መነጽሩን ከነማኅደሩ አገኘሁት፤ አልተሰበረም።

ስመለስ ታክሲ ውስጥ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጥኩ። መስቀለኛው መንገድ ላይ ስንደርስ፣ “ቀይ ነው” አልኩ።

“አይቻለሁ፣ እናቴ” አለኝ።